ኮዙሜል ላይ ከመርከብ ወርዶ በራስ መብላትና መገበያየት፦ ደረጃ በደረጃ

የክሩዝ ትኬት የቆረጠ ዘመድ ሁሉ ከመሄዱ በፊት አንዴ ይደውልልኛል። «መርከቡ ኮዙሜል ላይ ውሎ ያድራል ወይስ ይሄዳል? የመርከቡን ጉብኝት ካልገዛን ምን እንሠራለን? ውጭ ብንበላ አያመንም?» አንዱን መልስ ሃያ ጊዜ በስልክ ከመድገም ብዬ ጻፍኩት። ከእንግዲህ የሚደውል ይሄ ይላክለታል።

አያድርም። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታ ይነሣል። ኮዙሜል ከሜክሲኮ ዩካታን ፊት ለፊት ያለች ደሴት ናት። ከቴክሳስ ጋልቬስተንም ከማያሚም የሚነሡ መርከቦች ይቆሙባታል። ከተማዋ ሳን ሚጌል ትባላለች። ሜዳ ስለሆነች በእግር መዞር ቀላል ነው። የሚቸግረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሰዓትና የባሕር ዳር ዋጋ።

የሚያዝ ነገር

- የመርከቡ ካርድና ፎቶ ያለው መታወቂያ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ወደቡ በር ላይ ጣጣ አለ።
- የፓስፖርትና የግሪን ካርድ ፎቶ ስልካችሁ ላይ። ዋናውን የት እንደምታስቀምጡ መርከቡን ጠይቁ።
- ንጹሕ፣ ያልተቀደደ ዝርዝር ዶላር፦ ባለ 1 እና ባለ 5። የተቀደደ ዶላር ብዙ ቦታ አይቀበሉም፣ ባንክም አይመነዝርላቸውም። የአሜሪካ ሳንቲም ደግሞ እዚያ ምንም አይሠራም።
- የውጭ አገር ክፍያ የማያስከፍል አንድ የባንክ ካርድ። አንድ ብቻ። ሌላው ክፍላችሁ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።
- የእጅ ሰዓት። ለምን ስልክ እንደማይበቃ ከታች እነግራችኋለሁ።
- ስልክ ላይ አስቀድሞ የወረደ የከተማው ካርታ።
- ሶፍት፣ የእጅ ማጽጃ፣ ባርኔጣ፣ የሚታጠፍ ከረጢት።

ከመነሣታችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢይዝም ለሜክሲኮ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ፓስፖርቱ ግን ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። የግሪን ካርድ ወይም የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ ትኬት አትቁረጡ። ክሩዝ «መርከብ ላይ ነው የዋልኩት» ተብሎ አይታለፍም። ከአሜሪካ መውጣት ነው። ያለ ፈቃድ በመውጣት ብቻ ማመልከቻ ሊዘጋ ይችላል።

1. ሰዓታችሁን ከመርከቡ ጋር አስተካክሉ

ኮዙሜል ያለችበት ኪንታና ሮ ግዛት ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓቱን በበጋና በክረምት አይቀይርም። አሜሪካ ግን ይቀይራል። ስለዚህ የኮዙሜል ሰዓት ከመርከቡ ሰዓት ጋር አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ሰዓት ይለያል።

አደገኛው ይሄ ነው። በሐምሌ ከማያሚ ተነሥታችኋል እንበል፣ መርከቡም የማያሚን ሰዓት ይዟል። ስልካችሁ የሜክሲኮ ኔትወርክ ሲያገኝ ራሱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። ስልኩ ከሰዓት 3:30 ሲላችሁ መርከቡ ላይ 4:30 ሆኗል። ገና ጊዜ አለን ብላችሁ ስትቀመጡ መርከቡ ይሄዳል። በክረምት ከጋልቬስተን ከሆነ የተነሣችሁት ስሕተቱ ተቃራኒ ነው፤ ቀድማችሁ ደርሳችሁ ፀሐይ ላይ ትቆማላችሁ፣ እሱ ምንም አይደል።

ከመውረዳችሁ በፊት መርከቡ ውስጥ ያለ የግድግዳ ሰዓት አይታችሁ የእጅ ሰዓታችሁን በእሱ ሙሉ። «ሁሉም ሰው መርከብ ላይ» የሚባለው ሰዓት ከመነሻው 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ነው። እሱን ጻፉት።

የኛ ሰው ደግሞ ሌላም ችግር አለበት። አንዴ ቤተሰብ ተከፋፍለን ስንሄድ «አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ እንገናኝ» ተባባልን። አክስቴ በአበሻ አቆጣጠር ነው የሰማችው። ጠዋት 10:30 ላይ በሩ ጋ ቆማ «ምነው ቀራችሁ?» ብላ ደወለች። ቀደም ብላ ስለመጣች ሳቅንበት እንጂ ተገላቢጦሽ ቢሆን አያስቅም ነበር። በጽሑፍ ላኩ፣ «ከሰዓት 4:30 ፒኤም» ብላችሁ።

2. የትኛው ወደብ ላይ እንደቆማችሁ እወቁ

ኮዙሜል ሦስት የመርከብ ማቆሚያ አላት። ፑንታ ላንጎስታ ከተማው ውስጥ ነው፤ መንገድ መሻገሪያ ድልድዩን አልፋችሁ በእግር ትገባላችሁ። ኢንተርናሽናል ፒርና ፑዌርታ ማያ ግን ከመሀል ከተማው ወደ ደቡብ 4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃሉ። በእግር ይቻላል፣ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ሙቀቱም አይቻልም።

ስሙን የምላችሁ ለመሄዱ ሳይሆን ለመመለሱ ነው። ታክሲ ነጂ «የት ልውሰዳችሁ?» ሲል «መርከቡ ጋ» ብትሉት ሦስት ቦታ መርከብ አለ።

3. የወደቡን ገበያ ሳትገዙ እለፉት

ከመርከብ እንደወረዳችሁ በቀለም ያበደ መንደር ይቀበላችኋል። ሙዚቃ፣ ነጻ ተኪላ፣ ነጻ አምባር። የከተማው እውነተኛ ገበያ ይሄ ይመስላል፣ አይደለም። ኪራዩ ውድ ስለሆነ ዋጋውም ውድ ነው። መርከብ ላይ «የሚመከሩ ሱቆች» ተብሎ የሚታደለው ካርታም ማስታወቂያ ነው፤ ሱቆቹ ለመጠቀስ ይከፍላሉ።

«ነጻ ስጦታ» እያለ የሚጠራ ደላላ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው የመዝናኛ ቤት ድርሻ ነው። ሁለት ሰዓት አስቀምጦ ያወራችኋል። ያላችሁ ስድስት ሰዓት ነው። «ኖ፣ ግራሲያስ» በሉና ሳትቆሙ እለፉ። መቆም ነው ጥፋቱ።

4. ታክሲ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ቁረጡ

የኮዙሜል ታክሲ ቆጣሪ የለውም። በቀጠና የተተመነ ዋጋ አለው፣ ወደቡ መውጫ ላይ ሰሌዳ ተለጥፏል። ሰሌዳውን ፎቶ አንሡት። ከዚያ ነጂውን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ነው? በዶላር ነው በፔሶ? ለመኪናው ነው ለሰው? «ኩዋንቶ ኩዌስታ አል ሴንትሮ?» ማለት «ወደ መሀል ከተማ ስንት ነው?» ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀልድ አይምሰላችሁ። ሜክሲኮ ለፔሶም የምትጠቀመው የዶላርን ምልክት ነው። ሰሌዳ ላይ ከቁጥሩ ጎን ያንን ምልክት ስታዩ ዶላርም ፔሶም ሊሆን ይችላል።

5. ፔሶ ያዙ

ዶላር ሁሉም ቦታ ይቀበላሉ። ታዲያ ፔሶ ለምን? ምንዛሪውን የሚወስነው ባለሱቁ ስለሆነ ነው። ባንክ አንዱን ዶላር 18 ፔሶ በሚመነዝርበት ቀን ምግብ ቤቱ በ15 ያስባል። 450 ፔሶ የሚሆን ምሳ በፔሶ ስትከፍሉ 25 ዶላር ነው። በዶላር ስትከፍሉ 30። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ዶላር ከ16 እስከ 21 ፔሶ አካባቢ ሲዋልል ስለቆየ የዕለቱን ጠዋት ላይ እዩ።

ፔሶ የምታወጡት ባንክ ውስጥ ካለ ኤቲኤም ይሁን። መንገድ ዳር ለብቻው የቆመው ሳጥን ኮሚሽኑ ይከብዳል፣ አንዳንዱም ዶላር ነው የሚሰጠው። ማሽኑ «በዶላር እንመንዝርልህ?» ብሎ ሲጠይቅ እምቢ በሉ። ያን ጊዜ ምንዛሪውን የራሳችሁ ባንክ ይሠራዋል፣ እሱም ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ያለው የካርድ ማሽንም ያንኑ ይጠይቃል። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ሳላነብ ዶላር የሚለውን ነካሁ። 67 ዶላር አካባቢ የነበረው ዕቃ 73 ሆኖ ከሒሳቤ ወጣ። «ኤን ፔሶስ» በሉ፣ ማሽኑንም ራሳችሁ እዩት።

ኖቶቹን ከመንገድ ወጣ ብላችሁ አንዴ ተመልከቷቸው። ባለ 500ውና የቆየው ባለ 20 ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ የቤኒቶ ሁዋሬዝ ምስል አለ። በጥድፊያ 20 መስሏችሁ 500 ትሰጣላችሁ። መልስ ስትቀበሉም እንዲሁ።

6. ወደ ውስጥ ግቡ

የከተማው አቀማመጥ ለእንግዳ የተሠራ ይመስላል። ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ አቬኒዳ ራፋኤል ሜልጋር ነው። ከእሱ ወደ ውስጥ ያሉት ትይዩ መንገዶች 5፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያሉ በአምስት አምስት ይጨምራሉ። ቁጥሩ ሲያድግ ከባሕሩ እየራቃችሁ ነው። ዋጋውም እየወረደ ነው። ሜልጋር ላይ የአልማዝ ሱቅ ታያላችሁ። 20ኛው ላይ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ታያላችሁ።

የምትፈልጉት የከተማው ገበያ፣ ሜርካዶ ሙኒሲፓል፣ ሮሳዶ ሳላስ በሚባለው መንገድ ላይ በ20 እና በ25 መካከል ነው። ከፑንታ ላንጎስታ ከወጣችሁ ባሕሩን በግራ አድርጋችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ፣ ሮሳዶ ሳላስ ስትደርሱ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ከሩቆቹ ወደቦች ከመጣችሁ ለታክሲው «ሜርካዶ» በሉት። ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ እሑድ ደግሞ የከተማው ሰው የሚገዛባቸው አንዳንድ ሱቆች ይዘጋሉ።

7. ምሳ ምረጡ

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለዚህ ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

*ቦታው።* የአገሬው ሰው የተቀመጠበትንና ምግቡ ከድስቱ እየተጨለፈ የሚወጣበትን ምረጡ። ገበያው ውስጥና ዙሪያው ትንንሽ ምሳ ቤቶች አሉ። «ኮሚዳ ኮሪዳ» ወይም «ሜኑ ዴል ዲያ» የሚል ካያችሁ የዕለቱ ምሳ ማለት ነው፦ ሾርባ፣ ዋና ምግብ፣ የሚጠጣ፣ በአንድ ዋጋ። እንዲህ ያለ ቤት ምግቡ ቶሎ ስለሚያልቅ አያድርም። ሆድ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ተሠርቶ የቆየ ምግብ ነው።

*የአሳማ ነገር።* ለማይበላ ሰው ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው፤ የዩካታን ምግብ አሳማ ይወዳል። ኮቺኒታ ፒቢል፣ ፖክ ቹክ፣ ካርኒታስ፣ ቺቻሮን፣ ሎንጋኒሳ ሁሉም አሳማ ናቸው። ታኮ አል ፓስቶርም እንደ ሻዋርማ ቆሞ ሲሽከረከር በግ ይመስላል፣ አሳማ ነው። «ኖ ኮሞ ፑዌርኮ» በሉ፣ «አሳማ አልበላም» ማለት ነው። ዶሮ ፖዮ ነው፣ የበሬ ሥጋ ሬስ፣ ዓሣ ፔስካዶ፣ ሽሪምፕ ካማሮን።

በዚህ አያበቃም። ገበያው ውስጥ አንዴ ዶሮ አዘዝኩና «ፑዌርኮ የለበትም አይደል?» አልኩ። ሴትዮዋ ጥቁር ቦሎቄ ልትጨምርልኝ ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ከትታ ነበር። ቆም አለች። ጭልፋውን ወደ ድስቱ ጠርዝ መታ መታ አደረገችና «ማንቴካ» አለችኝ፣ ጣቷን ግራ ቀኝ እያወዛወዘች። የአሳማ ሞራ ማለቷ ነው። ቦሎቄው በእሱ ነው የሚጠበሰው። እኔ ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ፣ ሌላው ላይነግራችሁ ይችላል። ስለዚህ «ሲን ማንቴካ?» ብላችሁ ለብቻው ጠይቁ።

*ጾም ላይ ከሆናችሁ፦* «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ፣ ሲን ኡዌቮ፣ ሲን ማንቴካ»። ሥጋ፣ አይብ፣ ክሬም፣ እንቁላል፣ ሞራ አይግባበት። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ወይም በስልክ አስተርጉማችሁ አሳዩ። ሩዝ፣ አቮካዶ፣ የበቆሎ ቶርቲያና ሳልሳ ይወጣላችኋል። ሩዙ በዶሮ ሾርባ ተቀቅሎ እንዳይሆን ግን «ካልዶ ዴ ፖዮ?» በሉ።

*ለሌላው ሰው የምመክረው፦* ሶፓ ዴ ሊማ፣ የዶሮና የሎሚ ሾርባ ነው፣ ለኛ ምላስ ይስማማል። ቲኪን ሺክ አቺዮቴ በሚባል ቀይ ቅመም የተለወሰ ዓሣ ነው፣ ቀለሙ በርበሬ ይመስላል እንጂ አያቃጥልም። ሴቪቼ በሎሚ የበሰለ እንጂ እሳት ያልነካው ዓሣ ነው፤ ጨጓራችሁ ስስ ከሆነ ተዉት።

*የሚጠጣ።* የቧንቧ ውኃ አትጠጡ፣ የታሸገ ግዙ። ምግብ ቤት የሚሰጣችሁ በረዶ ክብና መሀሉ ክፍት ከሆነ ከፋብሪካ የተገዛ ነው። «አግዋ ዴ ሐማይካ» ካዩ አትለፉት፣ የኛው ከርከዴ ነው፣ ቀዝቅዞ።

*ቃሪያ።* ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ ሳልሳ አባኔሮ ከሚባለው በጣም ከሚያቃጥለው ቃሪያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። «ሚጥሚጣ የበላሁ ነኝ» ብሎ በማንኪያ የወሰደ የባለቤቴ ወንድም አለ። ከርከዴውን ሦስት ብርጭቆ ጨረሰ። በጫፍ ቅመሱ።

8. ሒሳብ ራሳችሁ ጠይቁ

እዚያ አገር አስተናጋጅ ሳይጠየቅ ሒሳብ አያመጣም፣ ማባረር ይመስላቸዋል። ረሱን ብላችሁ አትናደዱ። መርከብ የሚጠብቀው ሰው ምግቡን ሳይጨርስ «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቮር» ይበል።

ወረቀቱ ሲመጣ አንብቡት። ኢቫ የሚለው 16 በመቶ ታክስ ነው፣ ዋጋው ውስጥ መካተት ያለበት ስለሆነ ከላይ ሊጨመርባችሁ አይገባም። ፕሮፒና ጉርሻ ነው። በሕጋቸው በፈቃድ የሚሰጥ ነው፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ የተለመደ ነው። ባሕር ዳር ያሉ አንዳንድ ቤቶች ራሳቸው ይጨምሩትና እናንተ ደግማችሁ ትሰጣላችሁ።

9. ዕቃ ግዙ

መጀመሪያ ሱፐርማርኬት ግቡ። ቼድራዊ የሚባለው የአገሩ ሱፐርማርኬት ኮዙሜልም አለ። ዋጋው የተቆረጠ ስለሆነ ቡና፣ ቸኮላት፣ ሳልሳና ቫኒላ በእውነት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያንን ካወቃችሁ ውጭ ስትከራከሩ መነሻ አላችሁ። ሱፐርማርኬትና ምግብ ቤት ውስጥ ግን አትከራከሩ፣ የሚከራከሩት የእጅ ሥራ ሱቆች ላይ ነው። መርካቶ ያደገ ሰው ይሄን አያስተምሩትም።

የብር ጌጥ። 925 የሚል ማኅተም ፈልጉ። «አልፓካ» ካሏችሁ ብር አይደለም፣ ኒኬልና መዳብ የተቀላቀለበት ነው። መልኩ ቁርጥ ብር ነው። በግራም መዝኑልኝ በሉ፣ የማይመዝን ሻጭ ይለፋችሁ።

ቫኒላ። ትልቅ ጠርሙስ በትንሽ ዋጋ ካያችሁ እውነተኛ አይደለም። አንዳንዱ ርካሽ ቫኒላ ኩማሪን የሚባል ነገር ይገባበታል፤ አሜሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. ከምግብ ውስጥ ከልክላዋለች፣ ጉበት ይጎዳል። ጀርባውን አንብቡ። የቫኒላ ፍሬ፣ ውኃና አልኮል ብቻ የሚል ይሻላል። ምንም ዝርዝር ያልተጻፈበትን አትንኩ።

ተኪላ። «100 በመቶ አጋቬ» የሚለውን ፈልጉ፣ አጋቬ ተኪላ የሚሠራበት ተክል ነው፤ የማይል ከሆነ እስከ ግማሽ ድረስ ስኳሩ ከሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። 21 ዓመት የሞላው ሰው አንድ ሊትር ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ያስገባል። ጋልቬስተን ላይ ግን የቴክሳስ የአልኮል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለጠርሙስ የራሱን ታክስ ይሰበስባል። ሌላው ዕቃ በጠቅላላ በሰው እስከ 800 ዶላር ነጻ ነው።

10. እነዚህን አትግዙ

- *መድኃኒት።* ወደ ሱቁ «ሐኪም ሳያዝ» እያሉ የሚጠሯችሁን አትስሟቸው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. በቱሪስት ከተሞች ፋርማሲ የተሸጡ ክኒኖች ፌንታኒል ሊኖርባቸው እንደሚችል አስጠንቅቋል። ለእማማ የደም ግፊት ብላችሁ እንኳን አይሁን።
- *የኤሊ ቅርፊትና የባሕር ዛጎል ጌጥ።* ኤሊው የተከለከለ ነው። ጥቁር ኮራልና ትልቁ ቀንድ አውጣም ወረቀት ይጠይቃሉ። ድንበር ላይ ይወሰዳል፣ ቅጣትም አለው።
- *የኩባ ሲጋራ።* ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ ማስገባት አይቻልም። ብዙውም የውሸት ነው።
- *ሥጋና ትኩስ ፍራፍሬ።* መርከብ ላይ ለመብላት ቢሆንም አታስገቡ።

11. ተመለሱ

«ሁሉም ሰው መርከብ ላይ» ከሚለው ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ዕቃ መግዛት አቁሙ፣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ወደቡ በር ጋ ሁኑ። የመርከቡን ጉብኝት የገዙትን መርከቡ ይጠብቃል፣ በራሳችሁ የወጣችሁትን አይጠብቅም። ብዙ መርከብ ባንድ ቀን ሲቆም ከሰዓት በኋላ ታክሲ ሰልፍ አለው፣ መፈተሻውም ሰልፍ አለው።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

ስልክን አውሮፕላን ሞድ ሳያደርጉ መርከብ ላይ መቆየት። የመርከቡ የሳተላይት ኔትወርክ ይያዝና ሂሳቡ ወር መጨረሻ ላይ ይመጣል። የሜክሲኮ ኔትወርክ የምትጠቀሙት መሬት ከረገጣችሁ በኋላ ነው፣ እሱንም ስልክ ድርጅታችሁ ሜክሲኮን እንደሚያካትት ካረጋገጣችሁ።

የተረፈ ፔሶ ይዞ መመለስ። ሳንቲሙን ማንም አይመነዝርላችሁም። የመጨረሻውን ፔሶ ለታክሲውና ለውኃ አስቀሩት።

ጠርሙሱን ክፍሌ እወስዳለሁ ማለት። መርከብ መግቢያው ላይ ይቀበሏችኋል፣ የጉዞው መጨረሻ ላይ ይመልሱላችኋል። የሚሰጧችሁን ቁራጭ ወረቀት አትጣሉ፤ ስማችሁን ጠርሙሱ ላይ በስክሪፕቶ ጻፉበት፣ ሁሉም ሰው የገዛው ያንኑ ተኪላ ነውና።